አሥራ ሁለት እንግዶች በአንድ ጠረጴዛ

(በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)



ጠበቃ አይደለሁም፤ ሕግ ላስተምራችሁም አልመጣሁም። የመጣሁት በጁሪ ወንበር ላይ ተቀምጬ የታዘብኩትን ላካፍላችሁ ነው። የታዘብኩት ተከሳሹንና ጠበቆቹን ብቻ አይደለም፤ አብረውኝ የተቀመጡትን አሥራ አንድ ሰዎች፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ራሴን ነው። ዳኛዋ ስታሰናብተን «ከአሁን በኋላ ማውራትም ዝም ማለትም የራሳችሁ ፈቃድ ነው» ብላናለች። ያም ሆኖ የሰው ገመና የሰው ነውና የፍርድ ቤቱን ስም ትቻለሁ፤ ሰዎቹን ሊያስለይ የሚችለውንም ነገር ለውጫለሁ።

መቼም በዚህ አዳራሽ ካለነው መካከል ያ ለጁሪነት የሚጠራ ፖስታ ደጁን ያላንኳኳበት ጥቂት ነው። ሲደርሰን የምናደርገውንም እናውቃለን። ሃያ ዓመት ሱቅ ከፍቶ ከአከፋፋይ ጋር በእንግሊዝኛ ሲከራከር የኖረ ሰው ፍርድ ቤት ሲደርስ «ኖ ኢንግሊሽ» ይላል። እየሳቃችሁ ነው፤ ታውቁታላችሁ ማለት ነው።

በእኛ ልማድ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ የሚፈለገው ሽማግሌ የሚያውቃቸው ነው። አባታቸውን የሚያውቅ፣ ሰርጋቸው ላይ የበላ፣ ድሮ ማን ማንን እንዳስቀየመ የሚያስታውስ። ለሽምግልና የሚያበቃው ይኸው ማወቁ ነው። ጁሪ የዚህ ተቃራኒ ነው። በመረጣው ቀን ዳኛዋ ከሁሉ አስቀድማ የጠየቀችው «ተከሳሹን፣ ጠበቆቹን፣ ወይም ከምስክሮቹ አንዱን የሚያውቅ አለ?» ብላ ነው። አንዲት ሴት ተነሥታ ከምስክሮቹ አንዱን በቤተ ክርስቲያን እንደምታውቀው ተናገረች። አመስግነው ሸኟት። እኔ በሆዴ «እንዲያውም መቀመጥ የነበረባት እሷ ናት» አልኩ።

ጁሪም ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። በ1166 የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ሄንሪ በክላረንደን ባወጣው ደንብ ከየወረዳው አሥራ ሁለት ሰዎች እየማሉ በአካባቢያቸው በዝርፊያና በነፍስ ግድያ የሚጠረጠረውን እንዲናገሩ አዘዘ። የተመረጡት ስለሚያውቁ ነበር። አውጫጭኝን የሚያስታውስ አባት እዚህ ካለ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። አገሬው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው ሳይወጣ አይበተንም፤ የቀረ ይቀጣል። እንግሊዞቹ ግን በዘመናት ውስጥ የሚያውቀውን ሰው ወደ ምስክርነት አዞሩት፤ ለፍርድ ደግሞ የማያውቁትን አስቀመጡ። አሜሪካ ይህንኑ ወርሳ በ1791 በጸደቀው ስድስተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለወንጀል ተከሳሽ ከአድልዎ የጸዳ ጁሪን መብት አደረገችለት።

እንግዲህ እንግዳ በእንግዳ ላይ ሲፈርድ ምን ይዞ ይፈርዳል? ማስረጃውን ይዞ ነው ይሉናል። እኔ ግን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ አንድም ማስረጃ ሳይቀርብ፣ ዐይኔ ሥራውን ጀምሮ ነበር። ዐቃቤ ሕጓ ወረቀቶቿን በሥርዓት ደርድራለች። የተከላካዩ ጠበቃ ኮት እጅጌው ረዝሞበታል። ገና አፉን ሳይከፍት «ይሄ ሰው ተዘጋጅቶ አልመጣም» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ከጎኔ የተቀመጠው ጡረተኛ ደግሞ በምሳ ሰዓት ስለ ተከሳሹ ጫማ አነሣብኝ። ስለ ጉዳዩ እርስ በርስ እንዳናወራ በጥብቅ ታዘናል፤ ጫማ ጉዳይ ውስጥ አይገባም ብሎ ይሆናል።

ክሱ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ለተከሳሹ ግን ዕድሜውን ሙሉ የሚከተለው ነገር ነው። በአንድ ፓርኪንግ ውስጥ ማታ በሦስተኛው ረድፍ የቆመ መኪና መስኮት ተሰብሮ ቦርሳና ላፕቶፕ ተሰርቋል። ካሜራው የቀዳው ኮፍያ ያጠለቀ ሰው ጀርባ ነው፤ ፊቱ አይታይም። የቀረው ዋና ማስረጃ ከክፍያ ክፍሉ ሆኖ ያየው የፓርኪንጉ ሠራተኛ ቃል ነው። ዕድሜው የገፋ፣ ከአፍሪካ የመጣ ሰው ነው፤ ከየት አገር እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም። ዳኛዋ ስታናግረው ከወንበሩ ከፍ ይላል። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጣምሮ፣ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ቀስ ብሎ ይመልሳል። ተከሳሹን እንዲያመለክት ሲጠየቅ ጣቱን ለመቀሰር ተሳቀቀ፤ በመዳፉ ነው ያመለከተው። «እሱ ነው» አለ።

ምስክርነቱ አልቆ፣ ጠበቆቹ ተከራክረው፣ ዳኛዋ ሕጉን አንብባልን ወደ ምክክር ክፍሉ ገባን። መስኮት የለውም። ረጅም ጠረጴዛ፣ ነጭ ሰሌዳ፣ የደረቀ ማርከር፣ የቀዘቀዘ ቡና። ከበሩ ውጭ ጠባቂ ቆሟል። ሰብሳቢ ምረጡ ተባልን፤ ሁላችንም ዝም። አንዱ በጠረጴዛው ራስጌ ወደተቀመጠው ሰውዬ ዞሮ «አንተ ሁን እንጂ፣ ቦታውንማ ይዘኸዋል» አለው። ሰውዬው እምቢ አላለም።

ይህ የእኛ ክፍል ገጠመኝ ብቻ አይደለም። በ1950ዎቹ ፍሬድ ስትሮድቤክ የተባለው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ለጥናት የተዘጋጁ ጁሪዎችን ሲከታተል፣ በጠረጴዛው ራስጌ የተቀመጠ ሰው ከሌላው ይልቅ ለሰብሳቢነት እንደሚመረጥ አየ። በዚያ ወንበር መቀመጥ የሚቀናቸው ደግሞ በሥራቸው አለቃ የሆኑ ሰዎች ነበሩ። የእኛም ሰብሳቢ የአንድ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነበር። እኔ የት ተቀመጥኩ? ከበሩ አጠገብ፣ ጥግ ላይ። ማንም እዚያ ተቀመጥ አላለኝም።

በነገራችን ላይ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ከውጭ ሆኖ ማጥናት ቀላል አይደለም። በ1954 የቺካጎዎቹ ተመራማሪዎች በካንሳስ ግዛት በዊቺታ ከተማ ዳኞችንና ጠበቆችን አስፈቅደው፣ ጁሪዎቹ ሳያውቁ፣ ምክክራቸውን በድምፅ ቀድተው ነበር። በዓመቱ ወሬው ሲወጣ አገር ተናወጠ፤ በ1956 የአሜሪካ ምክር ቤት የፌዴራል ጁሪ ሲመክር መቅዳትን በሕግ ከለከለ። ስለዚህ እውነተኛውን ምክክር የሚነግረን በአብዛኛው ራሱ የተቀመጠ ሰው ነው። ፈረንሳዊው ደራሲ አንድሬ ዢድ በ1912 በሩዋን ከተማ በጁሪነት ያየውን ጽፎ በ1914 አሳተመ። «አሥራ ሁለቱ ቁጡ ሰዎች» የሚባለውን የ1957 ፊልም ያያችሁም ትኖራላችሁ፤ ሬጂናልድ ሮዝ መጀመሪያ በ1954 ለቴሌቪዥን የጻፈው ራሱ በጁሪነት ተቀምጦ ከወጣ በኋላ ነው። ፊልሙ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ አሥራ አንዱን ይመልሳል።

ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ አይሆንም። ሃሪ ካልቨንና ሃንስ ዛይዝል በ1966 ባሳተሙት ትልቅ ጥናት እንዳሳዩት፣ በመጀመሪያው ድምፅ አሰጣጥ ብልጫ ያገኘው ወገን ከአሥር ጊዜ በዘጠኙ ገደማ እስከ መጨረሻው ያሸንፋል። እንግዲህ አስቡት። ሰዎቹ ገና እርስ በርስ ሳይደማመጡ የሚወጣው እጅ ነው በአመዛኙ ፍርዱን የሚናገረው።

የእኛም ሰብሳቢ ገና ከመቀመጣችን «የት እንዳለን ለማየት ያህል እስቲ እጅ እናውጣ» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ ስብሰባ መምራት የለመደ ሰው ነው። አንዲት ወጣት ሴት፣ በኋላ ላይ ነርስ መሆኗን የሰማሁት፣ «እኔ እጄን ካወጣሁ በኋላ ለእጄ ጠበቃ ነው የምሆነው፤ መጀመሪያ እንነጋገር» አለች። ሰብሳቢው ትንሽ ቅር አለው፤ ግን ተቀበለ። በኋላ ሳነብ ሪድ ሄስቲና ሁለት ባልደረቦቹ በ1983 ባወጡት ጥናት ይህንኑ ማለታቸውን አየሁ። በድምፅ የሚጀምሩ ጁሪዎች ጎራ ለይተው ይከራከራሉ፤ ድምፁን የሚያቆዩት ማስረጃውን በሰፊው ይፈትሻሉ።

ይህን ነገር አባቶቻችንም አስበውበታል። በንጉሡ የዙፋን ችሎት «ወንበር» የሚባሉት ዳኞች ፍርድ ሲሰጡ የሚጀምረው በማዕረግ ዝቅ ያለው ነበር። እየተነሡ እስከ ታላቁ ይደርሳሉ፤ የመጨረሻው ቃል የንጉሡ ነው። ታላቁ ቀድሞ ቢናገር ታናሹ ምን አፍ ይኖረዋል? ዘዴው ለታናሹ ክብር ተብሎ ብቻ የተሠራ አይመስለኝም፤ ታላቁም የታናሹን እውነተኛ ሐሳብ የሚሰማበት ሌላ መንገድ አልነበረውም።

ወደ ፓርኪንጉ ሠራተኛ ልመለስ። በየተራ ስንናገር ጫማ ያነሣብኝ ጡረተኛ ተራው ደረሰውና «ያ ሽማግሌ ይዋሻል። አንድ ጊዜ እንኳ የዳኛዋን ዐይን አላየም» አለ። ሁለት ሦስት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ደሜ ፈላ። የእሱን አቀማመጥ አውቀዋለሁ፤ አባቴ ሹም ፊት ሲቆም እንደዚያ ነበር። ተራዬ ሲደርስ በኛ በኩል ታላቅ ፊት ዐይን አለማፍጠጥ አክብሮት እንደሆነ አስረዳሁ። እንግሊዝኛዬ ላይ የአገሬ ለዛ ስላለ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነው የሰማኝ፤ ሁሉም ቃሌን ላለመሳት ወደ ፊት አዘነበለ። እውነቱን ለመናገር ያ ጸጥታ ጣፈጠኝ። ጡረተኛውም «እንደዚያ ከሆነ ልክ ነህ» አለ።

ነርሷ ግን አልለቀቀችኝም። «ይህ ሰው የተከሳሹ ምስክር ቢሆን ኖሮም ይህን ትነግረን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ማጥቃት አልነበረም፤ አጠያየቋ ሕመምተኛን የት ጋ ነው የሚያምህ እንደምትል ያለ ነው። «አዎን» አልኳት፤ አሁንም አዎን ነው የምላችሁ። ነገር ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ራሴን በሌላ ዐይን ማየት ጀመርኩ። ስለ ሽማግሌው ስናገር ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ስለ ካሜራው ስንነጋገር ግን ዝም ብዬ ቡናዬን ሳማስል ነው የቆየሁት። ተከሳሹም እናት አለው፤ ከኋላ ወንበር ላይ በየቀኑ ተቀምጣ ነበር። እሷን ስንት ጊዜ አየኋት? እሷን ላለማየት ነበር የምጠነቀቀው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ነው ለእኔ የክፍሉ ትልቁ ትምህርት። ሽማግሌው እውነተኛ ነው ውሸታም ነው እያልን ብዙ ተከራክረናል። እስከዚያ ድረስ አንድም ቃል ያልተናገረ ሰው ነበር፤ የአውቶቡስ ሹፌር። እጁን እንደ ተማሪ አወጣና «እኔ ሰውየው ይዋሻል አልልም። ግን ከዚያ የክፍያ ክፍል እስከ ሦስተኛው ረድፍ ሌሊት ፊት ይለያል ወይ?» አለ። ሌሊት በመስተዋት ውስጥ ሰው ሲፈልግ የኖረ ሰው ነው። ካሜራውን እንደገና እንድናይ ጠየቅን፤ ዳኛዋ ፈቀደች። ሰውየውን ስናይበት በነበረው ፊልም ላይ ሹፌሩ መብራቱን አሳየን። ከሦስተኛው ረድፍ በላይ ያለው መብራት ጠፍቷል፤ ብርሃኑ ከጀርባ ነው የሚመጣው። ከክፍያ ክፍሉ ሆኖ የሚያይ ሰው የሚያየው ጥላ ነው።

ሁላችንም፣ ጡረተኛውም እኔም፣ ስለ አንድ ሽማግሌ ጠባይ ስንከራከር ነበር። ጥያቄው ግን ስለ ዐይኑ ነበር። ሰው ሙሉ በሙሉ ቅን ሆኖ ሙሉ በሙሉ ሊሳሳት ይችላል። በአሜሪካ ተፈርዶባቸው በኋላ በዲኤንኤ ምርመራ ነጻ ከወጡት ሰዎች ከግማሽ በሚበልጡት ጉዳይ ውስጥ የተሳሳተ የዐይን ምስክር አለበት፤ ከእነዚያ ምስክሮች ብዙዎቹ ቅን ሰዎች ነበሩ።

አሁን ስለ ይሉኝታ ልናገር፤ ይህን ያህል መንገድ ያመጣኋችሁም ለዚህ ነው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ለሦስት ሆነን ነበር። ዘጠኙ ጥፋተኛ አይደለም፣ ሦስቱ ጥፋተኛ ነው። ከሦስቱ አንዷ ልጆቿን ከትምህርት ቤት የምታወጣ እናት ነበረች። ሰዓቷን ታያለች፤ እኛ ሰዓቷን ስታይ እናያለን። በመጨረሻ «እሺ፣ በቃ፣ ከእናንተ ጋር ነኝ» አለች። እኔ ከዘጠኙ ወገን ነበርኩ፤ ድምፅ ጨመርን ብዬ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ነገር ግን ያ «እሺ በቃ» የእኔው ቋንቋ ነበር። በእድር ስብሰባ ላይ፣ በሠርግ ኮሚቴ ላይ፣ በስንት ቦታ ብዬዋለሁ! እንግዳ ሰው፣ ያውም ቋንቋው የተሰበረ፣ አሥራ አንድ ሰው ከቤቱ ያስቀራል ተብሎ እንዳይታማ ቶሎ ይስማማል።

ይሉኝታ የእኛ ብቻ ይመስለናል። ሰሎሞን አሽ የተባለው ተመራማሪ በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካውያን ተማሪዎችን ሰብስቦ የመስመር ርዝመት አስለካቸው። ከአንዱ በቀር ሌሎቹ ሆን ብለው የተሳሳተ መልስ እንዲሰጡ የተነገራቸው ነበሩ። ያ አንዱ በዐይኑ እያየ፣ ከመልሶቹ ሲሶ በሚሆኑት ላይ ከስህተተኞቹ ጋር ተስማማ። አንድ ሌላ ሰው እውነቱን ሲናገር ሲሰማ ግን መስማማቱ እጅግ ቀነሰ። ስለዚህ በዚያ ክፍል ለአንድ ብቸኛ ሰው የሚበቃው አንድ አጋር ነው።

ነርሷ ይህን ሳታነብ አውቃዋለች። እናትዬዋን «ልጆችሽን ለሚያወጣልሽ ሰው እንድትደውዪ እንጠይቅልሽ፤ ከዚያ የሚያሳምንሽ ነገር ካለ ንገሪን» አለቻት። ጠባቂው ጥያቄውን ለዳኛዋ አደረሰ፤ ስልክ ተደወለ። እናትዬዋ ተመልሳ ተቀመጠችና ሌላ ሰዓት ያህል ተከራከረችን። ከተከራከረችባቸው ነጥቦች አንዱ ትክክል ስለነበር ከሰሌዳው ላይ አንድ መስመር አጠፋን። በመጨረሻ ድምፅዋን የሰጠችው መብራቱን ሦስተኛ ጊዜ አይታ ነው።

የአንድ ሰው እምቢታ በዚህ አገር ሕግ ውስጥ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማወቅ የሉዊዚያናን ታሪክ ማየት ይበቃል። ግዛቱ በ1898 ሕገ መንግሥቱን ሲጽፍ ጁሪ ሙሉ በሙሉ ሳይስማማ መፍረድ እንዲችል አደረገ። ዓላማው ጥቁሮች ወንበሩ ላይ ቢቀመጡ እንኳ ድምፃቸው እንዳይቆጠር ነበር። ይህ አሠራር፣ ኋላ ላይ አሥር ለሁለት ሆኖ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል። በከባድ ወንጀል ጁሪው በሙሉ መስማማት አለበት ብሎ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግዛቶች ሁሉ ላይ የደነገገው በ2020 ነው። ሰውን በቆዳው ምክንያት ከጁሪ ማስወጣት ለዐቃቤ ሕጎች የተከለከለው ደግሞ በ1986፣ ባትሰን በተባለው ጉዳይ ነው። እኛ «ኖ ኢንግሊሽ» ብለን የምናመልጠው ወንበር ሌሎች ሲከለከሉት ስንት ዓመት የታገሉለት ነው።

ፍርዳችን «ጥፋተኛ አይደለም» የሚል ሆነ። ሰብሳቢው ሲያነብ የተከሳሹ እናት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሽማግሌው በችሎቱ አልነበረም። ተከሳሹ ያን መስኮት ሰብሮት ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። የተጠየቅነውም ያን አልነበረም፤ ዐቃቤ ሕጓ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ አስረድታለች ወይ ነው የተጠየቅነው። አላስረዳችም።

ያልተማረ ሰው እንዴት ይፈርዳል የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ካልቨንና ዛይዝል ከ3,500 በላይ በሆኑ የወንጀል ጉዳዮች ዳኞቹን «እናንተ ብትሆኑ ምን ትፈርዱ ነበር?» ብለው ጠይቀው፣ ጁሪውና ዳኛው 78 በመቶ ያህል ተስማምተው አገኙ። በቀረው ላይ በአብዛኛው ጁሪው ለተከሳሹ ያደላል። እኔ በበኩሌ ከአሥራ ሁለታችን መካከል ለጉዳዩ ቁልፉን ያገኘው የአውቶቡስ ሹፌሩ መሆኑን አልረሳም። ድምፅ ቀድሞ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ዝም እንዳለ ይወጣ ነበር፤ ይህን በሙሉ እምነት እናገራለሁ።

አሁን የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ወንበሩ ከደረሳችሁ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣውን «እጅ እናውጣ» አቆዩት። «ሁላችንም እንናገርና» ማለት ጥሩ እንግሊዝኛ አይጠይቅም። ዝም ያለውን ሰውም በስሙ ጥሩት። ይሉኝታ ሲይዛችሁ ደግሞ ዳኛ የሚያነበውን መመሪያ አስታውሱ፤ ለመስማማት ብቻ ተብሎ የገዛ እምነትን መተው አይጠበቅባችሁም።

ሁለተኛው የፖስታው ነገር ነው። ስማችሁ የሚወጣው በብዙ ቦታ ከመራጮች መዝገብና ከመንጃ ፈቃድ መዝገብ ነው፤ ስለዚህ ዜጋ ላልሆነም ይደርሳል። ግሪን ካርድ ብቻ ያላችሁ ፖስታውን አትጣሉት፤ ዜጋ አይደለሁም የሚለውን ሞልታችሁ መልሱት። በምንም ምክንያት ዜጋ ነኝ ብላችሁ አትፈርሙ፤ ያ ፊርማ በኋላ የኢሚግሬሽን ጉዳያችሁን ሊያበላሽ ይችላል። ዜጎች የሆናችሁ ደግሞ ከሥራ ቀርቼ እባረራለሁ ብላችሁ አትስጉ፤ በፌዴራል ጁሪ የተጠራን ሠራተኛ በዚያ ምክንያት ማባረር ሕግ ይከለክላል፤ አብዛኞቹ ግዛቶችም ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። የፌዴራሉ አበል በቀን 50 ዶላር ነው፤ ብዙ አይደለም፤ ምሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።